ያዙኝ ልቀቁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ቴኳንዶ ጀምሮ የማያውቅ ወንድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የጨረሰ ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ ቤት የሚያከራየው ደላላ፣ ሁሉም «እኔ እኮ ድሮ ቴኳንዶ ሠርቻለሁ» ይሏችኋል። «የት ደረስክ?» ስትሉት ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «አረንጓዴ ልይዝ ስል ጉልበቴን አመመኝ።» የከተማው ወንድ በሙሉ አረንጓዴ ቀበቶ ሊይዝ ሲል ጉልበቱን ታሟል። ሐኪሞች ይህን ወረርሽኝ እንዴት ዝም እንዳሉት አይገባኝም።

የወረርሽኙ ምንጭ ቪዲዮ ቤት ነው። በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ጨለማ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ብርድ ልብስና አንድ ቴሌቪዥን ነበር። የፊልሙን ስም የሚጠይቅ የለም። የምንጠይቀው «ድብድብ አለው?» ብለን ነው፤ አለው ከተባልን ሳንቲማችንን ከፍለን እንገባለን። ብሩስ ሊ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሞተው ሐምሌ 1965 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው 32 ነበር። እኛ ሰፈር ግን እስከ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተነሳ ያሸንፍ ነበር። ሞቷል ብሎ የነገረንን ልጅ ልንደበድበው ምንም አልቀረንም። አክተር አይሞትማ!

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ ሰፈሩ በሙሉ ጠላት ይሆናል። የመብራት ምሰሶ ይረገጣል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር በቡጢ ይነረታል፣ እናቶች የመወልወያ እንጨት ፍለጋ ይወጣሉ። እንጨቱ በዚያን ሰዓት ለሁለት ተቆርጦ፣ በውሻ ሰንሰለት ተያይዞ ናንቻኩ ሆኗል። ያ መሣሪያ በሰፈራችን ታሪክ አንድም ጠላት መትቶ አያውቅም። የሚመታው ባለቤቱን ነው፤ እሱንም ግንባሩን።

የሚገርመው፣ ስናየው የኖርነው የሆንግ ኮንግ ኩንግ ፉ ሆኖ ሳለ ሄደን የተመዘገብነው የኮሪያው ቴኳንዶ ዘንድ ነው። ከኮሪያ ጋር ግን የቆየ ሒሳብ አለን። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እየተፈራረቁ እዚያ ዘምተዋል፤ ከእነሱም 122ቱ እዚያው ወድቀዋል። በዚያ ዘመን በደቡብ ኮሪያ ጦር ውስጥ ቼ ሆንግ ሂ የሚባል መኮንን ነበር። ጃፓን ተማሪ ሳለ ካራቴ የለመደ ሰው ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ቴኳንዶ የሚለው ስም ሲወጣ ከፊት የነበረው እሱ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰዎች ሄደው የኮሪያን ኮረብታ ያዙ፤ የኮሪያ እርግጫ ደግሞ መጥቶ የእኛን የቀበሌ አዳራሽ ያዘ። ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው።

በሰፈራችን አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እግሩን ከጆሮው በላይ የሰቀለ ሰው ፎቶ አለበት። ከሥሩ «ለአካል ብቃት፣ ለራስ መተማመን፣ ለመልካም ሥነ ምግባር፣ ለስብዕና ግንባታ» ይላል። ከተማው ውስጥ የማይገነባ ነገር የለምና ስብዕና መገንባቱ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ግንባታው እግር ከመስቀል ጋር ምን እንዳገናኘው ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሰው መንጋጋው ላይ መምታት ሲማር ነፍሱ የምታድገው በየት በኩል ነው? ቡጢ የተማረ ሁሉ ጨዋ የሚሆን ከሆነ የሰፈራችን ጉልቤዎች በሙሉ ሽማግሌ ተብለው ለዕርቅ በተጠሩ ነበር።

ይህን ጥያቄ ይዤ የገባሁት በእህቴ ትእዛዝ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አድርሼ እንድመልስ ተሾምኩ። አዳራሹ የወጣቶች ነው ይባል እንጂ የሁሉም ነው። በሥራ ቀን የቁጠባ ማኅበር ይሰበሰብበታል፣ እሑድ እድር ይቀመጥበታል። ጥግ ላይ የእድሩ ድስቶችና የፕላስቲክ ወንበሮች ተቆልለዋል። ከወንበሮቹ አንዱን ስቤ ስልኬን እየነካካሁ እቀመጥ ነበር። አሠልጣኙ ቀን ቀን ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት ነው፤ ሁሉም «ማስተር» ይለዋል። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ እጅ ነሳኝና «ጋሼ፣ ከሚቀመጡ ለምን ትንሽ አይንቀሳቀሱም?» አለኝ። በአደባባይ እንዲህ በጨዋ ደንብ የተጋበዘ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ጫማዬን አወለቅኩ።

መጀመሪያ የምታዩት ሰልፉን ነው። በአገራችን ሰው ሲሰበሰብ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። በሠርግ ቤት ከፍ ያለው ወንበር የማን እንደሆነ፣ በለቅሶ ቤት ማን ሲመጣ ብድግ እንደሚባል አይጠፋንም። እዚህ ግን ሰልፉ በዕድሜም በደመወዝም አይደለም። በቀበቶ ነው። ጥቁሩ ከፊት፣ ከዚያ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው፤ ከሁሉም ኋላ፣ ድስቶቹ ጋ፣ ነጩ። ነጮቹ መካከል የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም አለ። ቢሮው ውስጥ እሱ ሳይፈርምበት ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አይሻገርም። ከአጠገቡ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ቀጥሎ ጡረታ የወጡ እናት፣ ቀጥሎ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ። የጥርሱ ባለቤት ከእኔ ቀድሞ ስለተመዘገበ ታላቄ ነው፤ ከእሱ ፊት መቆም አይፈቀድልኝም።

«ቻርዮት!» የሚል ትእዛዝ መጣና ሁሉም ቀጥ አለ። ትእዛዙን የሰጠችው የእህቴ ልጅ ናት፤ ቀይ ቀበቶ ናት ለካ። ቤት «ጋሼ፣ ቡና ልድገምልዎ?» የምትለኝ ልጅ ኋላ ድረስ መጥታ እግሬን አየችና «ጉልበትህን እጠፍ!» አለችኝ። ዞር ብዬ ለማን ነው ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ያሉት ድስቶቹ ብቻ ናቸው። ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ዘይት እንደራቀው በር ሲጢጥ አለ። የሒሳብ ሹሙ ሳቀ። «ሳቅ የለም፤ አሥር ፑሽ አፕ!» ተባለ። ፊርማው የሚፈራው ሰው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ፊት በደረቱ ተኛ።

ከተማችንን የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ይረዳል። እኛ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የሚባልበት አገር ሰዎች ነን። የትራፊክ መብራት ላይ ይባላል፤ ወረፋ ላይ ይባላል፤ ጥበቃው ቦርሳ ልፈትሽ ሲል ይባላል። አዳራሹ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሥራ ፈት ነው። ማን እንደሆንክ ወገብህ ላይ ታስሯል። ነጭ ነህ፤ ምንም አታውቅም። ምንም አለማወቅህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ማንም ግን አይንቅህም፤ ጥቁሩም አንድ ቀን ነጭ ነበርና። ከትልቅ ሰው ላይ ማዕረጉን ለአንድ ሰዓት ተኩል ብታወልቁለት ምን ያህል እንደሚቀለው፣ እንዴት እንደ ልቡ እንደሚስቅ ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኑ።

ቀጥሎ የሚመጣው ድግግሞሽ ነው። ነጭ ቀበቶ የሚማረው የመጀመሪያ ፓተርን ቾንጂ ይባላል። ከጠላት ጋር እየተዋጋህ ነው፤ ጠላቱ ግን የለም። ወደ ግራ ትዞራለህ፣ ከታች የመጣውን እርግጫ በክንድህ ታግዳለህ፣ አንድ እርምጃ ገብተህ ቡጢ ትልካለህ። ወደ ኋላ ዞረህ ያንኑ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። አራቱን አቅጣጫ ከጨረስክ በኋላ እገዳው ወደ ደረት ከፍ ይልና አራቱንም ትደግማለህ። በመጨረሻ አንድ ቡጢ ወደ ፊት ገብተህ፣ ሁለት ቡጢ ወደ ኋላ እየሸሸህ። በጠቅላላው 19 እንቅስቃሴ ነው። በዓይን ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሲያልቅ ነው። እርምጃህ ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የትከሻህን ስፋት አንድ ተኩል እያደረግህ ከተራመድክ፣ የምትጨርሰው ልክ በተነሳህበት ነጥብ ላይ ነው። እኔ የተነሳሁት አዳራሹ መሐል ነው፤ ስጨርስ ድስቶቹ ውስጥ ነበርኩ።

«ጋሼ የት እየሄድክ ነው?» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«ጨረስኩ እኮ!» አልኳት።

«ጨረስክ፤ ግን እዚህ አይደለም የሚጨረሰው።»

«የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው» የምንል ሰዎች ነን። ቾንጂ ግን የት እንደፈጨህ ይጠይቅሃል። አንዷ እርምጃህ ከረዘመች ወይም ስትዞር ተረከዝህ ካመለጠ፣ ስህተቱ ተደብቆ ይቆይና መጨረሻ ላይ በቆምክበት ቦታ ይመሰክርብሃል። ለማመካኘት አይመችም። መንገድ ተዘጋግቶ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ሲስተም ወድቋል ማለት አይቻልም። ያለኸው አንተ ነህ፤ ወለሉም የትም አልሄደም። ትመለሳለህ፣ «ጁንቢ»፣ ተዘጋጅ፣ ትባላለህ፣ እንደገና ከአንድ። እንዲህ ያለ ፓተርን 24 አለ። ቼ ሆንግ ሂ ቁጥሩን ከቀኑ 24 ሰዓት ጋር ያስተካከለው ሰው ሕይወቱን በሙሉ እንዲለማመድ አስቦ ከሆነ ተሳክቶለታል፤ እኔ ገና ከሌሊቱ የመጀመሪያ ሰዓት አልወጣሁም።

ይህ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ፋይት ላይ ነው። እሱን ለመናገር ስለ አገራችን ድብድብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

የእኛ ድብድብ ደንብ አለው። መጀመሪያ ድምፅ ይነሳል። ቀጥሎ የወላጅ ስም ይነሳል። ቀጥሎ ኮት ይወልቃል፤ ኮቱ እንዳይቆሽሽ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ከዚያ ዋናው ሥርዓት ይመጣል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ። ያዙኝ የሚለውም ልቀቁኝ የሚለውም ያው አንድ ሰው ነው። ማንም ሳይዘው ልቀቁኝ ይላል፤ ሲይዙት ጉልበቱ ይጨምራል። የፀቡ ባለቤት ገላጋዩ ነው። ገላጋይ የዘገየ እንደሆነ ሁለቱ ተፋላሚዎች ባሉበት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቁታል። ገላጋይ ሲደርስ ሁለቱም ነፍስ ይዘራሉ፤ አንዱ «አንተን ብዬ ነው!» ብሎ ለገላጋዩ ምሕረት ያደርጋል፣ ኮቱን ያራግፋል፣ ይሄዳል። ቴስታና ካልቾ የሚመጣው ገላጋይ በጠፋበት ሰፈር ነው። በዚህ ሥርዓት ብዙ ጥርስ ተርፏል፤ አልንቀውም። ግን ልብ በሉልኝ፤ ቁጣውን የምናወጣው እኛ፣ የሚመልስልን ሌላ ሰው። እኛ ስንናደድ ጎረቤት ታግሦልን ነው የኖርነው።

አሁን ወደ አዳራሹ። የእጅ ጓንትና የእግር መከላከያ ታደርጋለህ። ከፊትህ የቆመውን ሰው እጅ ትነሳለህ፤ እሱም ይነሳሃል። «ሺጃክ!» ይባላል። ወዲያው ደረትህ ላይ እግር ያርፋል። አመመህም አላመመህም ደምህ ይፈላል፤ ሰው ነህና። ቀና ብለህ ስታይ ያዙኝ የምትለው ሰው የለም። ማስተሩ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ኮትህን የሚይዝልህ የለም፤ ኮትም የለህም። ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የሚነሳ የለም። እንግዲህ ገላጋዩ አንተው ራስህ ነህ። ያ ደቂቃ በጣም ያስደነግጣል።

የሒሳብ ሹሙ ያን ደቂቃ ሲደርስበት አይቻለሁ። ያጋጠመው ባጃጅ ነጂው ነበር። ልጁ ቀላል ነው፤ ገብቶ ነክቶት ይወጣል፣ ገብቶ ነክቶት ይወጣል። ሹሙ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ጥርሱን ነክሶ እጁን እያወናጨፈ ገባ። በተናደደ ቁጥር ቡጢው እየሰፋ፣ ትከሻው እየተንጠለጠለ፣ ሆዱ ባዶ እየቀረ ሄደ። ልጁም ባዶውን ቦታ በእግሩ እየነካ አሳየው። ያን ቀን የተረዳሁት ቁጣ በመጀመሪያ የሚያሳውረው ባለቤቱን መሆኑን ነው። ይህን ሰባኪም ነግሮናል፣ አያትም ነግራናለች፤ አዳራሹ የሚለየው ሰውነታችን ላይ ጽፎ ስለሚያስረዳ ነው። ማስተሩ አስቆማቸውና ሹሙን ወደ ግድግዳው ላከው። ሲያልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ «እዚህ መናደድ አልተከለከለም፤ ተናዶ መማታት ነው የተከለከለው» አለው። ሹሙ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ባጃጅ ነጂውን እጅ ነሳው፤ እንደገና ጀመሩ።

ነገሩ ከአዳራሹ ይወጣል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከሹሙ ጋር አንድ ቅዳሜ በአንድ ሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ የሹሙን መልስ ይዞ ሌላ ሌላውን ያያል። «መልስ!» አለ ሹሙ። ረዳቱ አልሰማም። «መልስ አልኩ እኮ!» ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የሰፈር ስም ይጣራል። የሹሙ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ድሮ ቢሆን «ማን እንደሆንኩ» የሚባልበት ቦታ ደርሰናል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በኮሪያኛ መቁጠር ጀመረ፤ «ሀና... ዱል... ሴት... ኔት...»። ረዳቱ ይህን ሲያይ ደነገጠና ብሩን ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ምን ይሆን የሚቆጥሩት? የእርስዎ መልስ እኮ አምስት ብር ብቻ ነው!» ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ሹሙም አብሮ ሳቀ።

ይህን መንገድ የጠረጉት ሰዎች ጉልበተኞች አልነበሩም። ጁዶን የጀመረው ጃፓናዊ ጂጎሮ ካኖ ትምህርት ቤት እያለ ደቃቃ፣ ትልልቆቹ የሚያጠቁት ልጅ ነበር። ለመከላከል ብሎ ጁጁትሱ ተማረ፤ በ1874 ዓ.ም. ቶኪዮ ውስጥ፣ በአንድ ገዳም ክፍሎች፣ ጥቂት ተማሪዎች ይዞ ኮዶካንን ከፈተ። ዕድሜው 21 ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአስተማሪነት ነው። ዛሬ ሁሉም የሚመኘው ጥቁር ቀበቶም ከእሱ ቤት የወጣ ነው፤ ካራቴውም ቴኳንዶውም የወሰዱት ከዚያ ነው። ጁዶ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ የሚማረው መጣል አይደለም፤ መውደቅ ነው። አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ ወለሉን በክንድ መምታት፣ መነሳት። ሰው መጣልን የሚለማመደው አወዳደቅ ካወቀ በኋላ ነው። ልጆቻችንን አንደኛ መውጣት ብቻ የምናስተምር ወላጆች ይህችን ቅደም ተከተል ብናስብባት አይከፋም።

ደግሞ ነገሩን ቅዱስ አናድርገው። ቴኳንዶ አምስት መርሆች አሉት፤ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ሕፃናቱ በቃላቸው ይወጧቸዋል። ይሁን እንጂ መርሆቹን የጻፉት ታላላቆች ራሳቸው መስማማት አቅቷቸዋል። ቼ ሆንግ ሂ ከአገሩ መንግሥት ጋር ተቃቅሮ በ1964 ዓ.ም. የቴኳንዶ ፌዴሬሽኑን ይዞ ካናዳ ገባ። በዓመቱ ሴኡል ውስጥ ሌላ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ «ኢንተርናሽናል» እና «ወርልድ» እየተባለ ዓለም ለሁለት ተከፈለ። በአንደኛው ፊት በቡጢ ይመታል፤ በሌላው ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው። ኦሎምፒክ የገባው ሁለተኛው ነው፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ከሯጮቻችን ጋር አብሮ ሄዶ በ58 ኪሎ የተጋጠመው የእኛው ሰሎሞን ቱፋም በዚሁ በኩል ነው። የክፍፍሉን ታሪክ ስሰማ ኮሪያ በጣም ቀረበችኝ። እድራችንም የተከፈለው በድንኳን ኪራይ ነው። ከሁለቱም ወገን ራስን ስለመግዛት የሚናገር ሽማግሌ አልጠፋም ነበር።

ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ሚስቱን የሚያስለቅስም አለ። ክፍያውን አፋጥኖ ቀበቶውን የሚያፋጥን ቤት መኖሩንም ሰምተናል። ሁለት እግሩን መሬት ላይ ዘርግቶ ስፕሊት የሚወርድ፣ ለጎረቤቱ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም የማይል ሰው አውቃለሁ። አንገት ከጉልበት ይልቅ ይደርቃል። ስለዚህ እርግጫው ብቻውን ሰው አያደርግም። ሰው የሚያደርገው በእርግጫው ዙሪያ ያለው ተራ ነገር ነው። ከሥልጠና በፊት ወለሉን መጥረግ። አርፍደህ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ መፈቀድን መጠበቅ። የመታህን ሰው እጅ ነስተህ መሰናበት። በሰው ፊት መሸነፍና በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና መምጣት። እነዚህን የማያስጠብቅ ቤት የሚያስተምረው ድብድብ ነው፤ ድብድብ ደግሞ በየሰፈሩ በነፃ አለ።

በቅርቡ የቢጫ ቀበቶ ፈተና ነበር። ወላጆች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ የሹሙ ሚስትና ልጆቹም መጥተዋል። ሹሙ ቾንጂን ሲሠራ ሁለተኛዋ መዞሪያ ላይ ተሳሳተና ግድግዳውን እያየ ቀረ። ወደቀ። ጥርሶቹ የወለቁት የሰባት ዓመት ልጅ አለፈ። ማስተሩ ስም ሲጠራ ሹሙ ወለሉን ያያል። በቢሮው እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት አቤቱታ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ፈታኙ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ልጁ አዲሱን ቢጫ ቀበቶውን ይዞ መጣና ወገቡን አቀፈው፤ ቁመቱ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። «አይዞህ ጋሼ፤ እኔም በፊት ወድቄ ነበር» አለው።

ሹሙ ምን አደረገ? ልጁን እጅ ነሳ። ያውም ሙሉውን፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩት። ከዚያ ሄዶ ከነጮቹ ጋር፣ ድስቶቹ ጋ ተሰለፈ።

የበሩ ማስታወቂያ «ስብዕና ግንባታ» ያለውን አሁን በከፊል አምኛለሁ። ገላጋይ ሳይጠሩ ራስን መያዝ፣ ከሕፃን መማር፣ ወድቆ ሰልፍ መመለስ፤ ስብዕና ከዚህ ውጭ ሌላ ነገር ከሆነ እኔ አላውቀውም። ልጆቻችሁን ቅዳሜ አድርሳችሁ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ስልክ የምትነካኩ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ አሠልጣኙ ወለል የሚያስጠርግ መሆኑን አረጋግጡና እናንተም ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ማዕረጋችሁን ማንም አይሰርቀውም፤ ስትወጡ ከጫማችሁ ጋር ታገኙታላችሁ። ነጩ ቀበቶ ደግሞ ከዩኒፎርሙ ጋር ነው የሚመጣው፤ ለብቻው አይከፈልበትም።